ከልብስ አጣቢዎች የተማሩት ሊቅ፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወት



የምንኖርበት ሠፈር ጠመንጃ ያዥ ይባላል። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው በቀድሞ ዘመን ጠመንጃ አንግተው ዘብ ከቆሙ ሰዎች የወረስነው ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ጠላቱን አይቶ ይተኩሳል። ነገር ግን በዓይን የማይታይ፣ በጥይት የማይመታ፣ ሆኖም ከብዙ ጦር ይልቅ ሰው የጨረሰ ጠላት አለ። እርሱም የበሽታ ተሕዋስ ነው። በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን ልናቀርብላችሁ የወደድነው ሰው ከዚህ ጠላት ጋር የተዋጉት ጠመንጃ ይዘው ሳይሆን አንድ እፍኝ የእንዶድ ፍሬ ይዘው ነው። እኚህም ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለን። ከጥቂት ጊዜ በፊት ብዙዎቻችን ወደ ጣና ገዳማት ለጉዞ ሄደን ነበር። ጀልባ ስንጠብቅ እግራችንን በሐይቁ ዳር ነክረን ተቀመጥን፤ ወንዶቹም ዋኙ። ከወራት በኋላ ከመካከላችን አንዱ ወንድም ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ያዘው። በሰገራ ምርመራ የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘበት። እንክብል ተሰጥቶት ተፈወሰ። ወንድማችን ግን አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ከመሄዳችን በፊት ስለዚህ በሽታ አንድም ሰው ያልነገረን ለምንድን ነው አለን። ጥያቄው ለሁላችንም ነበርና ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። መልሱን ስንፈልግም የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሕይወት አገኘን።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን የወረረችበት ዓመት ነውና የእርሳቸው ትውልድ ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ የጦርነትን ወሬ የሰማ ትውልድ ነው። ከነጻነት በኋላ ሀገራችን ሐኪምና መምህር አጥታ ስትቸገር ብዙ ወጣቶች ወደ ውጭ ሀገር ለትምህርት ተላኩ። አክሊሉም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በመማር በመጨረሻ በታወቀው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተሕዋስያንን አጠኑ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። ከተማሩት ትምህርት ጋር በባዕድ ሀገር ሊኖሩ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ።

የመረጡት ሥራ ቢልሃርዚያ ነበር። ታሪካቸውን ለመረዳት በመጀመሪያ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን ያገኘው በ1851 እ.ኤ.አ. በካይሮ ሲሠራ ሳለ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቀጭን ትል ሲሆን በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። በሀገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ተቀምጦ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰውየው ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ተጸዳድቶ እንደሆነ ዝናብ ጠርጎ ወደ ውኃ ያወርደዋል። በውኃ ውስጥ እንቁላሉ ይፈለፈልና ከውስጡ የወጣው ጥቃቅን እጭ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። አንድ የታወቀ የውኃ ቀንድ አውጣ ካገኘ በውስጡ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል፤ ካላገኘ ግን ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ከቀንድ አውጣው በብዙ ሺህ ሆነው የሚወጡት ሌሎች እጮች ደግሞ በውኃው ውስጥ እየዋኙ ሰው ይጠብቃሉ። ልብስ ለማጠብ፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ለመዋኘት ወይም ከብት ለማጠጣት እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ቆዳው ባይቆስልም እንኳ ይበሱታል። ወደ ደሙ ገብተው በጉበቱ ውስጥ አድገው እንደገና እንቁላል ይጥላሉ። እንዲህ እያለ ዙሪያው ይቀጥላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ በሽታ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ሰው፣ ሰገራ፣ ውኃ፣ ቀንድ አውጣ፣ እንደገና ሰው። ከነዚህ ቀለበቶች አንዱ ከተበጠሰ ሰንሰለቱ በሙሉ ይወድቃል። በሽታው ሰውን በአንድ ቀን አይገድልም፤ ነገር ግን ሕፃኑን ያቀጭጨዋል፣ ተማሪውን ያደክመዋል፣ ገበሬውን ከእርሻው ያስቀረዋል። ለብዙ ዓመት ከቆየም ጉበትን ያበላሻል፤ ሆድንም ያሳብጣል።

ዓድዋ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የ1888 ዓ.ም. ድል ነው። አባቶቻችን ጠመንጃና ጋሻ ይዘው ዘምተው ነጻነታችንን ያስከበሩበት ስፍራ ነው። በዚያው በዓድዋ በ1964 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ከተማይቱ ሄደው በወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በላይ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በታች ግን የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር።

እንዶድን የማያውቅ በመካከላችን አለ ብለን አናምንም። ሳሙና በየሱቁ ከመሙላቱ በፊት እናቶቻችንና አያቶቻችን ነጠላውንና ጋቢውን ያነጡት በእርሱ ነው። ፍሬውን ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፣ በውኃ ይዘፈዝፉታል፤ አረፋውም ልብሱን በረዶ ያስመስለዋል። በዓል ሲደርስ የምንለብሰው ነጭ ነጠላ ንጣቱን የተማረው ከዚህ ፍሬ ነው። እነዚያ የዓድዋ ሴቶችም ይህንኑ የአያቶቻቸውን ሙያ ይሠሩ ነበር እንጂ በሽታ እየተዋጉ መሆናቸውን አላወቁም።

ዶክተር አክሊሉ እዚያው በወንዙ ዳር ቀላል ፈተና አደረጉ። ከላይኛው ውኃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ቀዱ፤ ከሴቶቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ። የተማረው ሰው መምህሩን ያገኘው በላብራቶሪ ሳይሆን በወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ልብስ ከምታጥብ እናት ዘንድ ነበር። ከእርሳቸው በፊት በዚያ መንገድ ስንት ሰው አልፎ ይሆን? ውኃው ነበረ፣ ቀንድ አውጣው ነበረ፣ እንዶዱም ነበረ፤ የጠፋው አይቶ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ፍሬውን በላብራቶሪ መረመሩ። ደርቆና ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ በጥቂት መጠን እንኳ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን በ1965 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም አደረጉ፤ ይህ ተቋም ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን በሽታ ራሳቸው የሚያጠኑበት ቤት ሆነ። በዚያም ከቢልሃርዚያ ሌላ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውንና ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በእርሳቸው ስም ይጠራል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ሥራ እንዶድ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሠራውን በወንዝ ውስጥ መሥራቱን ማሳየት ነበር። ለዚህም እንደገና ዓድዋ ተመረጠች። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአምስት ዓመታት በከተማይቱ ዙሪያ ባሉት ውኃዎች እንዶድ እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። በመጀመሪያ ከተመረመሩት ሰዎች ከመቶ 63 የሚሆኑት በሽታው ነበረባቸው፤ በመጨረሻ ወደ 33 ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የታየው ግን ከዚህም ይበልጣል፤ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። ሕፃናቱ ለምን በለጡ ብላችሁ ብትጠይቁ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ትሉን አስቀድመው በደማቸው ተሸክመዋል፤ እንዶድም በውኃ ያለውን ቀንድ አውጣ ይገድላል እንጂ በሰው ሰውነት ያለውን ትል አይነካም። በእነዚያ ዓመታት የተወለዱት ሕፃናት ግን አብዛኞቹ ሳይያዙ አደጉ። መከላከል ከማከም ይሻላል የሚባለው ነገር በቁጥር የታየው በዚህ ነው።

ውድ አንባብያን፤ እስካሁን የተረክነው የደስታ ታሪክ ነው። የሚቀጥለው ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በዚያን ዘመን ቀንድ አውጣን ለመግደል በገበያ የነበረው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ለድሃ ሀገር የሚከብድ ነበር። እንዶድ ግን በደጋችን በየአጥሩ ላይ ይበቅላል። እንዲህ ያለ ግኝት በእልልታ ሊቀበሉት በተገባ ነበር። ሆኖም በዓለም አቀፍ መድረክ ብዙ ጥርጣሬ ገጠመው። ከድሃ ሀገር ላብራቶሪ የወጣ ውጤት በባለጸጋ ሀገር ላብራቶሪ እንደገና ካልታየ አይታመንም ተባለ። እንዶዱ ለሰውና ለእንስሳ የሚያስከትለው ጉዳት በብዙ ወጪ ይመርመር ተባለ። ምርመራ ማስፈለጉን ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው የሚክዱት አልነበረም፤ ያሳዘናቸው ምርመራውን የሚያካሂድ ገንዘብና መሣሪያ ለሀገራቸው ተመራማሪዎች አለመሰጠቱ ነበር። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። በአሜሪካ ሊቃውንት ከእንዶድ ውስጥ ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ ለአንደኛው ለማቶክሲን የሚል ስም ሰጡት፤ ይኸውም የእርሳቸውን ስም ተከትሎ ነው። ስም ግን ወንዝ አያጸዳም።

በዚህ ሁሉ ብቻቸውን አልነበሩም። የዕፀዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በመትከልና በማወዳደር ፍሬ የሚበዛለትንና ኃይሉ የጠነከረውን ለይተዋል፤ ከመካከላቸው 44 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት የታወቀ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1982 ዓ.ም. ማለት በ1989 እ.ኤ.አ. ከስዊድን የሚሰጠውንና ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ ከታየ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገልግለዋል። በዩኒሴፍ ሥር በኢጣሊያ ሀገር በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። ኢጣሊያ ሀገራቸውን በወረረችበት ዓመት የተወለደው ሕፃን አድጎ በኢጣሊያ ምድር ስለ ዓለም ሕፃናት ደኅንነት ሲያስብ ማየት የሚያስደንቅ ነው። እንዶድን ግን አልተዉትም። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ባዕድ ዛጎል ለበስ እንስሳ ተራብቶ የውኃ ቧንቧዎችን ሲዘጋ፣ እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር አሳይተዋል። የኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች ሙያ ለባለጸጋይቱ ሀገርም መፍትሔ ሊሆን ቻለ ማለት ነው። በመጋቢት ወር 1989 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሥራቸው ተፈጽሟል ወይ? አልተፈጸመም። እንዶድ እርሳቸው እንደተመኙት በየወንዙ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ቢልሃርዚያም አልጠፋም፤ በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ አብዛኞቹም በአፍሪካ ናቸው። በሀገራችን ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል በሽታው በሚገኝባቸው ወረዳዎች ለተማሪዎች ይታደላል። እንክብሉ ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ልጁ በማግሥቱ ወደዚያው ውኃ ከገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ዛሬም ጥያቄው እርሳቸው በዓድዋ ወንዝ ዳር ያነሡት ነው፤ ሰንሰለቱን በየት በኩል እንበጥሰው?

እኛ ሊቃውንት አይደለንም፤ ሆኖም የሰንሰለቱ አንዳንድ ቀለበት በእጃችን ነው። አዲስ አበባ ብርዳም ደጋ ስለሆነች ቢልሃርዚያ የሠፈራችን በሽታ አይደለም፤ የሚያገኘን በጉዞ ላይ ነው። ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይ ወይም በሽታው ወዳለበት ሌላ ስፍራ ስንሄድ በሐይቁ ዳርና ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃ አንዋኝ፤ እግራችንንም አንንከር። ለመታጠቢያ የሚሆን ውኃ ቀድተን እናፍላው፤ ወይም ሁለት ቀን በንጹሕ ዕቃ አስቀምጠን እንጠቀምበት፤ እጩ ከዚያ በላይ አይቆይምና። እኛም ከከተማ ሄደን በዳር በዳር ተጸዳድተን ለገዳማውያኑና ለሀገሬው ሕፃናት በሽታ ትተን እንዳንመለስ መጸዳጃ ቤት እንፈልግ፤ ከሌለም ከውኃው ርቀን ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበር። ከጉዞ በኋላ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ የያዘው ሰው አፍሮ ዝም አይበል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወዴት ተጉዞ እንደነበር ይናገር።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ይህን ያነበበ ሰው እንዶድ መድኃኒት ነው ብሎ እንዳይጠጣው፤ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም፣ ይመርዛል። ወንዝ ውስጥ በዘፈቀደ እንዳይጨምረውም፤ ዓሣንም ይገድላልና በባለሙያ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው።

በሠፈራችን ያሉት በሽታዎችም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ታይፎይድና ተቅማጥ ከሰገራ ተነሥተው በእጅ፣ በዝንብና በውኃ አድርገው ወደ አፍ ይገባሉ፤ መንገዳቸውን የሚዘጋው ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ውኃን አፍልቶ መጠጣት ነው። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይሄዳል፤ መንገዱን የሚዘጋው በሳል ጊዜ አፍን መሸፈን፣ መስኮት መክፈትና ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጨረሱ ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማችንን ያራቆተው የኅዳር በሽታም በትንፋሽ የሚተላለፍ ነበር፤ እርሱን እያሰብን በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ብናቃጥልም ጉንፋንን ጭሱ አያስቆመውም። በሽታን በመንገዱ ላይ ያልጠበቀው ሰው በሌላ ስፍራ ቢደክም ድካሙ ከንቱ ነው።

ከዶክተር አክሊሉ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ትምህርት ዝቅ ብሎ ማየትን አያስቀርም። እርሳቸው ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ መጥተው ልብስ አጣቢ እናትን ጠየቁ። እኛስ እናቶቻችን የሚያውቁትን እንጠይቃለን ወይስ ኋላ ቀር ነው ብለን እንስቃለን? ሁለተኛ፣ ያዩትን አይተው ብቻ አልተዉትም፤ ፈተኑት፣ ቆጠሩት፣ ጻፉት። ሦስተኛ፣ ባልታመኑ ጊዜ አልተቆጡም ለማለት ባንችልም ሥራውን አልጣሉትም።

ወንድማችን የጠየቀንን ጥያቄ አንረሳም። ከእንግዲህ ለጉዞ ስንነሣ መዝሙሩንና ስንቁን እንደምናዘጋጅ ሁሉ ስለ ውኃውም ለተጓዦች ለመናገር በመካከላችን ተስማምተናል። የቀድሞዎቹ የሠፈራችን ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ለሌላው ዘብ ቆመዋል። የእኛ ዘብ መቆም ደግሞ አንድ ቁራጭ ሳሙና ይዞ፣ ያወቁትን ለማያውቅ መንገር ነው።